«ውረድ!» ያለችኝ ቀን

ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ፣ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ማይክ የያዘው ልጅ ድንገት «ውረዱ! ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ወጣቱ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ በጉልበቱ ዝቅ እያለ ትከሻውን ይንጠው ጀመር። እኔ ግን ክው አልኩ። የያዝኩት ጠላ እጄ ላይ ተደፋ። ባለቤቴ «ምን ነካህ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ያቺ ቃል አንድ ጊዜ ጉድ አድርጋኛለች።

ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር እስክስታ እንድመታ መድረክ ላይ አወጡኝ። ትከሻዬ እምቢ አለ። ዓይኔን እግሬ ላይ ተክዬ እንደ ጅብራ ተገተርኩ። መምህሩ ታገሠኝ፣ ታገሠኝና «አንተ፣ ውረድ!» አለኝ። ያ ሁሉ ተማሪ ሲስቅ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ከበሮ በሰማሁበት አላልፍም ነበር።

ታላቅ እህቴ እናኑ ግን አልተወችኝም። ከዓመታት በኋላ ጓደኛዬ ደመቀ ሮብ ገበያ ከተማ ሊያገባ ነው፤ ሚዜው ደግሞ እኔ ነኝ። ከሁሉ በላይ የሙሽራዋ የአክስት ልጅ፣ ጥሩወርቅ፣ እዚያ ትኖራለች። ጥሩወርቅን ለማግባት እንደምመኝ የምታውቀው እናኑ ብቻ ነበረች። የገብሱ ውቂያ አልቆ ባዶ በቀረው አውድማ ላይ እስክስታ ልታስተምረኝ በየጠዋቱ ታቆመኛለች።

«እግርህን ምን ታየዋለህ? አይጠፋብህ! ዓይኗን እይ። እሷ ትከሻዋን ስትጥል አንተ አንሣ፤ ቸኩለህ አትቅደማት። ከሳትክ ደግሞ ሳቅ፤ ሰው ሆን ብለህ ያደረግከው ይመስለዋል» ትለኛለች።

ይቺ የመጨረሻዋ ምክር ከጭፈራም አልፋ በኋላ ለሥራም ጠቅማኛለች። አንድ ሳምንት ሙሉ አንገቴ እስኪያመኝ ለፋሁ።

የሠርጉ ዕለት ከማርቆስ ሽቅብ በእግራችን ወጣን። የጮቄ ተራራ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ትኩስ ድንች በአዋዜ ሰጡን፤ እንዲያ ያለ ድንች ዳግመኛ አልቀመስኩም። ዳሱ ውስጥ ከበሮው ሲደምቅ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ፊቴ ቆመች። ዓይኗን አየሁ። ስትጥል አነሣሁ። ራሴን አልመስል አልኩ! እልልታው ቀለጠ። ጥሩወርቅ ቀረብ አለችኝና፣ በጉልበቷ ዝቅ እያለች፣ «ውረድ!» አለችኝ።

የሰማሁት የመምህሩን ድምፅ ነው። ሰው እየገፋሁ ከዳሱ ወጣሁ።

ከኋላዬ ከበሮው ጸጥ አለ። ዘወር ብል፣ ጥሩወርቅ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት ብቻዋን ተንበርክካ ቀርታለች። ወንድሟ ዱላውን ይዞ ተነሥቷል። እናኑ ሮጣ ክንዴን ያዘች።

«ምን አደረገችህ?»

«ውረድ አለችኝ እኮ!»

አፏን ይዛ ቀረች። «አንተ ቂል! እስክስታ ውረድ ነው ያለችህ! ከእኔ ጋር ውረድ ነው!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቃሉን አጥቼው አይደለም፤ እስክስታ እንደሚወረድ ሕፃንም ያውቃል። ቅኔ አገር ተወልጄ፣ ፍርሃት ጆሮዬን ይዞብኝ፣ ሰሙን ሰምቼ ወርቁን ጣልኩት።

በሳምንቱ ጥሩወርቅን ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋትና ነገሩን ከነመምህሩ ነገርኳት። ከልቧ ሳቀች። ተስፋዬ ሞቅ ሲል ሳቋን ገታች።

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። አባቴ ግን ‹ልጄን አንበርክኮ ጥሏት ሄደ› ብሎ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥቷል።» ሽንኩርቷን ማስተካከል ጀመረች። «‹ምን አልሽ?› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ነጭ ሽንኩርት ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እነሆ ባለፈው ጥር፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ የባለቤቴን እጅ ይዤ ወደ መሐል ወጣሁ። ጉልበቴ ቋ እያለ ወረድኩ። ሁለት ጎረምሶች የወደቅኩ መስሏቸው ሊያነሡኝ ሮጡ።

«ተዉኝ፣ ገና አሁን መውረዴ ነው!» አልኳቸው። ከዚያ ባለቤቴን ቀና ብዬ አየሁና «ውረጂ!» አልኳት።

ሙዚቃው ይጮሃል። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋችልኝ።

«ምን አልክ?»