የውሃ አባቱ የሚወቀስበት ቀን

ከወገዳ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን አያ ጥጋቡ የውሃ አባት ነው። የቦዩን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍለው እሱ ነው፤ ደመወዙ ስድብ ነው። ድሮ ማዶ ለማዶ እየተጮኸ ይሰደብ ነበር፤ አሁን ሞባይል ስለገዛ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ዘንድሮ ጉልበቱ አበጠ፤ የራሱን ድንች አረም ዋጠው፤ ሚስቱ ካሣነሽም «ወይ ውሃውን ወይ እኔን» አለችው። ስለዚህ ለኅዳሩ ቦይ ጠረጋ የመጣው «ከሹመቱ አውርዱኝ» ሊለን ቆርጦ ነው።

እኛ ዘንድ ልማድ አለ። ቦዩ ተጠርጎ ሲያልቅ፣ ውሃው ሳይለቀቅ፣ የውሃ አባቱ ደረቁ ቦይ ውስጥ ይቆማል። እኛ ዳር ዳሩን ተቀምጠን ጥፋቱን እንነግረዋለን። ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ መልስ መስጠት አይችልም። ከሱ በፊት የነበሩት አንዴ ቆመው በማግስቱ ሹመቱን ጥለው ሄዱ። እሱ ግን በየዓመቱ ቆመ።

በተለይ እማማ አበራሽ አይምሩትም። ማሳቸው የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «አንተ የምታጠጣው ዘመዶችህን ነው፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ጭቃው ነው» አሉት። ፊቱ በንዴት ጠቆረ። በማግስቱ ግን እስከ ማሳቸው ወርዶ የተሰነጣጠቀውን መሬት አየና ተራውን ገለበጠው፤ ማጠጣት ከታችኛው ማሳ ጀምሮ ወደ ላይ ሆነ። ከላይ የሚያርሰው ወንድሙ ደሳለኝ አኩርፎ ለፋሲካ እንኳ ሳይጠራው ቀረ።

ዘንድሮም ወቀሳው ወረደበት። ሲያበቃ «ሰምቻለሁ፤ እውነታችሁን ነው። አሁን ግን ደከመኝ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ። ድምፁ አንጀት ይበላ ነበር። አንዳንዶቻችን ደሳለኝን ጠቆምን፤ ጠንካራ ነው፣ ሰውም ይፈራዋል።

እማማ አበራሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። የጥጋቡ ፊት በራ። ከሳቸው የተሻለ የሚያወርደው ማን አለ?

«ደሳለኝን ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ይኼ እንኳ ሲነግሩት ይሰማል። አይወርድም!»

«አይወርድም!» አለ ዳር ዳሩ የተቀመጠው ሁሉ።

ምስኪን፣ ሹመቱ ላይ ያስቀረው መስማቱ ነው። አቀርቅሮ «ለካሣነሽ ማን ይነግርልኛል?» አለ።

«እኔ እነግራታለሁ። አንተ ውጣና ተቀመጥ፤ ገና ያልነገርኩህ አለ» አሉት እማማ አበራሽ።

ከቦዩ ወጣና ጉልበቱን እያሸ አጠገባቸው ተቀመጠ።