ከጠበሉ ሥር የተነሳው ፎቶ

ደባርቅ ውስጥ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው ከተገኘ ያርጋል ነው። ሌላው ሰው ባሕርን የሚያውቀው ከኦሪት ነው፤ ያውም ተከፍሎ ሕዝብ በደረቁ ሲሻገርበት።

ያርጋል ግን በንጉሡ ዘመን ምጽዋ ወርዶ ካርሎ ለሚባል ጣሊያን ሲሠራ ኖሯል። የካርሎ ሥራ ባሕር ውስጥ ገብቶ ዓሣ ፎቶ ማንሳት ነው። ይኼ ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ያርጋልም በመጀመሪያው ቀን ብሏል። ያኔ የመጥለቂያ ዕቃ እንደ ልብ የሚገዛ አልነበረም፤ ጠላቂው ሁሉ ከየቤቱ ፈልስፎ ነው የሚገባው። ካርሎ በመጀመሪያ ካሜራውን የኳስ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ፣ ውስጥ ከትቶ፣ ፊቱ ላይ መስታወት አጣብቆ ገባ፤ ካሜራው ጨው ጠጥቶ ሞተ። ለሁለተኛው ከአሉሚኒየም ድስት ሳጥን ቀጠቀጠለት። ፊቱ ወፍራም መስታወት፣ በክዳኑ ዙሪያ ላስቲክ፣ በጎኑ ደግሞ ከውጭ ሆነው ካሜራውን የሚጫኑበት ዘንግ ነበረው። ያርጋል ይህን ሳጥን ሲያቀብል ሲቀበል ከርሞ፣ በመጨረሻ እሱም ባለ አንድ መስታወት መነጽሩን ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋውን ላስቲክ አጥልቆ መግባት ለመደ። የሰሜን ተራራ ልጅ ከባሕር ወለል ቁጭ ብሎ ዓሣ ፎቶ አነሳ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ካርሎ አገሩ ገባ። ፎቶዎቹን ሁሉ ይዞ ሄደ፤ ካሜራውን ከነሳጥኑ፣ መነጽሩንና የላስቲክ እግሩን ለያርጋል ተወለት። ያርጋልም ደባርቅ ተመልሶ በዚያችው ካሜራ የመታወቂያ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ኑሮው ደህና ነበር። የሚያንገበግበው ሌላ ነው፤ የባሕሩን ነገር የሚያምነው ሰው አጣ። አፉን ሲከፍት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሉታል። ሚስቱ በለጠች እንኳ ሰው ፊት ዓሣ ባነሳ ቁጥር እግሩን ትረግጠዋለች።

አንድ ቀን ቀበሌው የቤት ለቤት ፍተሻ አደረገና የአብዮት ጠባቂዎቹ ሳጥኑን አገኙት። ብረት ነው፣ ዘንግ አለው፣ በላስቲክ ታሽጓል። ቦምብ ነው አሉ። ቦምብ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይከሽፋል ብለው ካሜራው ውስጡ እንዳለ የቀበሌው በርሜል ውስጥ ዘፈቁት። በማግሥቱ ሲያወጡት አንዲት ጠብታ አልገባችበትም፤ ይኼ ጭራሽ ጥርጣሬያቸውን አባሰው።

ሊቀመንበሩ ጓድ ክንዴ ያርጋልን አስጠሩት። ጓድ ክንዴ በየስብሰባው እግዚአብሔር የለም ብለው የሚያስተምሩ፣ ማተባቸውንም በሕዝብ ፊት የበጠሱ ሰው ናቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉት።

«ውኃ ውስጥ ፎቶ ማንሻ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዲያው አንሳና አሳየን። ካነሳ ካሜራህን ትወስዳለህ። ካላነሳ የስለላ መሣሪያ ነው፤ አንተም አብረኸው ጎንደር ትሄዳለህ።»

ያን ጊዜ ታስሮ ጎንደር የሚሄድ ሰው ስንቅ ይቋጠርለታል እንጂ መመለሻው አይጠየቅም። እንደዚያም ሆኖ ያርጋል፣ ሞኝነቱ አይጣልና፣ በሆዱ ደስ አለው። አገሩ ሁሉ ሊያየው ነው።

ሰው የሚያሰምጥ ውኃ በአቅራቢያው ያለው ከከተማው ወረድ ብሎ ጠበሉ ብቻ ነው፤ ከአለቱ የሚወርደው ፏፏቴ ከሥሩ ጥልቅ ገንዳ ቆፍሯል። አጥማቂው መምሬ ሀብተ ሚካኤል ዕቃውን አንድ በአንድ መረመሩ።

«መነጽሩ ይግባ፤ መነጽርማ እኔም አለኝ» አሉ። የላስቲክ እግሩን ግን ገልበጥ አድርገው አዩና «ይኼ ጫማ ነው። ጠበል በጫማ አይገባም» አሉ።

«አባቴ፣ ጫማ አይደለም፤ መዋኛ ነው።»

«እግር ላይ ይጠለቃል?»

«ይጠለቃል።»

«ጫማ ነው።»

መጥለቂያውን ስላጣ በለጠች እያጉረመረመች የወፍጮዋን መጅ አመጣችለትና ወገቡ ላይ አሰሩለት። ዘመናዊው የመጥለቅ ስፖርት ደባርቅ ላይ በመጅ ተጀመረ።

መምሬ ቀጠሉ፤ ጠበሉ ዳር የሚቆም ሁሉ ጫማውን ያውልቅ፣ እህል የቀመሰም ይራቅ አሉ። ሰው ሁሉ ጓድ ክንዴን አየ። እሳቸው ቦት ጫማቸውን እያወለቁ «በሥራ ብዛት ቁርስ አልበላሁም» አሉ።

ያርጋል ገባ። መጁ ሥር አደረሰውና አለት ላይ ቁጭ አለ። ፏፏቴው ላይ ላዩን አረፋ አልብሶታል፤ ከሥር ግን ውኃው እንደ ብርሌ የጠራ ነው። ምጽዋ ትዝ አለችውና ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንባ ደግሞ መነጽር ውስጥ አይጠረግም። የሚያነሳው ነገር ፈለገ። ዓሣ የለም፤ ድንጋይ ብቻ።

ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የያርጋል ትንፋሽ እየተንቦለቦለ ሲወጣ መምሬ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው «ማነህ? ስምህን ተናገር! ልቀቀው!» እያሉ አረፋውን ይገዝቱ ጀመር። ጓድ ክንዴ ሌላ ነገር ጠረጠሩ። ሰውየው ቆየ፤ ውኃ ለውኃ አድርጎ ሱዳን ቢገባስ? ሊይዙት ዘለው ገቡ።

ያርጋል ከሥር ሆኖ ሁለት እግር ሲመጣ አየ። ሰፊው የካኪ ሱሪ ውኃው ውስጥ እንደ ጥላ ተዘርግቶ ወደ ላይ ተንሳፍፏል። ፊት ለፊት የመጣለትን ነገር ለማንሳት አላመነታም፤ ዘንጉን ተጫነ። ከዚያ መጁን ፈትቶ ወጣ። መምሬ አሁንም «ስምህን!» ሲሉት «ያርጋል ነኝ አባቴ» አለና ሦስት ጊዜ ተጠመቀ።

በጨለማ ክፍሉ ፎቶውን ሲያጥብ በር ላይ ጠባቂ ቆሞበታል። ምስሉ ቀስ እያለ ወጣ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ፎቶ ምጽዋም አንስቶ አያውቅ። ሁለት ባት። ከግራው ጉልበት ሥር ደግሞ በጠፍር የታሰረ ክታብ፣ ዕድሜ ጠገብ፣ ቆዳው የወዛ።

በለጠች አይታ አፏን ያዘች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው» አለች።

ካላሳየ ጎንደር ነው። ካሳየ ደግሞ እግዚአብሔር የለም ያሉት ሰው ክታብ በጉልበታቸው ገበያ ወጣ ማለት ነው፤ ያም ከጎንደር አይሻልም። ፎቶውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። ቀበሌው ደጅ አገሩ ተሰብስቧል።

ጓድ ክንዴ በሩን ዘግተው ፎቶውን አዩት። እጃቸው ሳያውቁት ወደ ጉልበታቸው ወረደ።

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ» አሉ ቀስ ብለው። ደግመው ወደ ፎቶው ጎንበስ አሉ። «ስፌቱ እንኳ ይታያል እኮ። ከውኃ ሥር ነው ይኼን ያነሳኸው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ዓሣውም እንዲህ ነበር?»

«ዓሣውማ ቀለም ነበረው።»

ጓድ ክንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያርጋል ስንት ዘመን ሲጠብቀው የኖረውን ነገር ፊታቸው ላይ አየ፤ አምነውታል። ከዚያ ክብሪት ጫሩ።

ደጅ ወጥተው ለሕዝቡ «የወጣው ጭቃ ነው። ይኼ ዕቃ ውኃ ውስጥ ምንም አያነሳም። ሰላይ አይደለም፤ ውሸታም ነው። ካሜራው ይመለስለት» አሉ። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ያርጋል እጅ ነስቶ «አዎ፣ ጭቃ ነው» አለ። በለጠች ቤት እስኪደርሱ ታግሳ የጠየቀችው ስለ መጇ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጓድ ክንዴ ገበያው ጭር ሲል ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ ማለት ለመዱ። በርጩማው ላይ ይቀመጡና «እስቲ ያን ባለ መስመሩን ዓሣ ንገረኝ» ይላሉ። ያርጋልም ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጣሉ። ሰው ብቅ ሲል ግን ብድግ ብለው ደጁ እንዲሰማ አድርገው «ውሸታም!» ይሉትና ይወጣሉ። ያርጋልም የቀረውን ለሌላ ቀን ያቆይላቸዋል።