ከአሰላ ጎባ አርባ ደቂቃ

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት አሰላ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። በግድግዳው ካርታ ላይ ክር ወጥሬ፣ ክሩን በማስመሪያ ለክቼ፣ ርቀቱን ለአይሮፕላኑ ፍጥነት አካፍዬ፣ «ከአሰላ ጎባ አርባ ደቂቃ!» ስል ተማሪው ያጨበጭብልኝ ነበር። ጉረኛ ነበርኩ፣ ምን ይደበቃል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ከጎባ የእህቴ ቴሌግራም መጣ። «እማዬ በጠና ታማለች፤ ቶሎ ድረስ» ይላል። እናቴን በሕይወቷ ከማግኘት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የፈቃድ ማመልከቻ ስጽፍ ግን ያ ጉራዬ አልለቀቀኝም። በመኪና ጭቃውን ጥሶ መድረስ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ለዚያ ደግሞ ከፈቃዱ ሌላ የመንገድ ቀን ይታሰባል። እኔ ሞኙ «በአይሮፕላን ስለምሄድ ጉዞው አርባ ደቂቃ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ዳይሬክተሩ አነበቡና፣ «እንግዲያማ የመንገድ ቀን ምን ያደርግልሃል? ሦስት ቀን ይበቃሃል፤ እሑድ ከጎባ በሚመለሰው አይሮፕላን ትመጣለህ፤ ሰኞ ፈተና ነው» አሉኝ። ለእህቴም «ሐሙስ በአይሮፕላን እደርሳለሁ» ብዬ ቴሌግራም መታሁ።

ሐሙስ ጠዋት ማረፊያ ሜዳው ስደርስ ጉሙ እዚያ የሚግጡትን ከብቶች እንኳ አያሳይም። አራት ሰዓት ግድም የሞተር ድምፅ ተሰማ። የሜዳው ዘበኛ፣ አንድ የአርሲ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው ከብቱን አባረሩ። አይሮፕላኑ ከጉሙ በላይ አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ።

«ውረድ እንጂ! ምን ነካህ አንተ!» ብዬ ጮህኩ፣ የሚሰማኝ ይመስል። ድምፁ ወደ ደቡብ ሄደና ጠፋ።

«ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ወደ ጎባ የሚሄደው እንግዲህ የሚመጣው ሐሙስ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። ከብቶቹም ተመለሱ።

በሩጫ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። «የመንገድ ቀን ይጨምሩልኝ፣ በእናትዎ! በመኪና ልሂድ።»

ማመልከቻዬን ከፋይሉ አወጡ። «ይኸው፣ በገዛ እጅህ አርባ ደቂቃ ብለሃል። እኔ ምን ላድርግህ? ያለ ፈቃድ ከሄድክ ሥራህን እርሳው።»

እናቴና እህቴ የሚተዳደሩት በእኔ ደሞዝ ነበር። ታሰርኩ፤ ገመዱን የፈተልኩትም ራሴ። ሦስቱን የፈቃድ ቀን ቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጉሙን ስረግም፣ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ሰኞ እየፈተንኩ ሳለ ሁለተኛው ቴሌግራም ደረሰ። እናቴ ቅዳሜ አርፋለች።

ትምህርት ሲዘጋ በጭነት መኪና ሦስት ቀን ተጉዤ ጎባ ገባሁ። እህቴ አልቅሳ ሲወጣላት ነገረችኝ። ያን ሐሙስ ጎባ ላይ ፀሐይ ነበር፤ አይሮፕላኑም በሰዓቱ አርፏል። እማዬ ድምፁን ከአልጋዋ ሰምታ፣ «ልጄ መጣ፤ ነጠላዬን አልብሺኝ፣ ቀና አድርጊኝ» አለቻት። ትራስ ተደግፋ በሩን ስታይ ዋለች። ሲመሻሽ ወደ እህቴ ዞራ፣

«ከሜዳው እዚህ ድረስ ይህን ያህል ይርቃል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።