ምልክት የማይተወው ስቲከር

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ የምሠራበት ክሊኒክ ላብራቶሪ ሥራ ቆመና ቀደም ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ስደርስ የክፍሌ ጓጉንቸር ተከፍቶ መቀርቀሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ ገርበብ ብሏል።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሰው አያወራም... ግን የሆነ ነገር ቀስ እያለ ሲላጥ ይሰማኛል። ጠሽ... ጠሽ...

መግባት ፈራሁ። ለምን እንደሆነ እንድትረዱኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከተዛወርኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። የተከራየሁት እማማ የሺ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ያለችውን አንዲት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ሲያከራዩኝ የነገሩኝ ሕግ አንድ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ግድግዳየን ሚስማር እንዳትመችብኝ። ሌላውን እንደወደድሽ።»

እኔ ደግሞ ባዶ ግድግዳ ሳይ ያመኛል። እንኳን የምተኛበትን ቤት፣ የክሊኒኩን የወረፋ መጠበቂያ ሳይቀር ያስጌጥኩት እኔ ነኝ። ሚስማር ከተከለከለ ሚስማር የማይፈልግ ነገር ፈለግኩ። ትንንሾቹን መብራቶች መጋረጃው ዘንግ ላይ ጠመጠምኩ፤ ስፌቶቼን ሣጥን ላይ አስደግፌ ደረደርኩ። ስለቅ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዤ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን አላሳርፍ አለኝ። ከአልጋዬ ትይዩ፣ ምርጊቱ ውስጥ የሰው እጅ ታትሟል። አምስት ጣት ከነመዳፉ። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጠመም ብላለች። ጭቃው ሳይደርቅ አንዱ ሠራተኛ ተደግፎበት ነው አልኩ። ግን ጋደም ብዬ ዞር ባልኩ ቁጥር እጁ እኔን «ቁሚ!» የሚለኝ ይመስለኛል።

ገበያ ወርጄ አበባ ያለበት ትልቅ ስቲከር ገዛሁ። ሻጩም «ቤቱን ልቀቂ ሲሉሽ ትልጪዋለሽ፤ ምንም ምልክት አይተውም» አለኝ። ለጠፍኩት። እጁ ጠፋ፣ ቤቱ አማረ፣ እኔም በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በሩ እንደቆለፍኩት ነው፤ ስቲከሩ ግን ተልጧል። ሌላው ቦታ ንክች ሳይል፣ ልክ እጁ ያለበት ጋ ብቻ። መልሼ ለጠፍኩት። በማግስቱም እዚያው ጋ ተልጦ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን እጁ ከውስጥ እየገፋ የሚወጣ መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ የምስቀው ሴትዮ፣ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ መቀየር ፈራሁ። ጠበል አምጥቼ ረጨሁት። እሱም አልሠራም።

ሲጨንቀኝ ለእማማ የሺ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ከማንጎው ላይ ሳያነሱ መለሱልኝ።

«እንጃ ልጄ... ግድግዳም ይተነፍስ ይሆናል። ባታፍኝው ምን አለበት?»

እኔ እርጥበት ነው ያሉኝ መሰለኝ። እርጥበት ከሆነማ መላ አለው ብዬ፣ ከትናንት በስቲያ ኃይለኛ ማጣበቂያ ገዝቼ ከጀርባው ለቀለቅኩና ጥርቅም አድርጌ ለጠፍኩት። «እስኪ አሁን ተላጥ!» ብዬም በጥፊ ደህና አድርጌ መታ መታ አደረግኩት።

ወደ ትናንት ልመለስ። በሩን ገፋ አደረግኩት።

እማማ የሺ ናቸው። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ፣ የስቲከሩን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ይጎትታሉ። አልለቅ ብሏቸዋል።

«እማማ!» አልኩ።

ደነገጡ። ደንግጠው ሲዞሩ ግን ስቲከሩን አልለቀቁትም ነበር... ከነምርጊቱ ተገንጥሎ መጣ።

ግድግዳው ላይ ጭዱ የወጣ ጭቃ ብቻ ቀረ። እጁ እግራቸው ሥር ወርዶ ዱቄት ሆነ።

እሳቸው ተንበርክከው ፍርስራሹን በጣታቸው ይበትኑ ጀመር። ቆይተው አንዲት ቁራጭ አነሱና እፍ አሏት። ያቺ ጠመም ያለችው ትንሿ ጣት ናት። ሌላው የለም።

«የትብለጥ እጅ ነበር እኮ» አሉ። ለእኔ ይንገሩኝ ለግድግዳው አላውቅም።

ትብለጥ ልጃቸው ናት። ክፍሏን የመረገችው ራሷ ነበረች። ስትጨርስ መዳፏን ጭቃው ላይ ተጭና «ፊርማየ ነው እማ፣ እንዳታስጠፊው» አለቻቸው። ከመረገችው ዓመት ሳይሞላ ታመመች። መንገድ ተዘግቶ ነበርና ባሕር ዳር ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። እኔ ሥራ ስገባ እማማ እሳቸው ጋ በቀረው ትርፍ ቁልፍ ይገባሉ፣ ስቲከሩን ይገልጣሉ፣ መዳፋቸውን በመዳፏ ላይ አድርገው ትንሽ ይቆሙና ይወጣሉ። በቃ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ያስፈራኝ መንፈስ እናት ነበረች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«ምን ብየ? የሞተች ልጅ እጅ አለ ብልሽ ትኖሪበት ነበር? ትሄጅና ደግሞ ብቻየን ልቀር?»

ቁራጯን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። «እኔ ራሴ እመርገዋለሁ» ስላቸው «ተይው» ብለውኝ ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ስገባ በሩን ሳልቆልፍ ወጣሁ። ስመለስ ሣጥኑ ላይ ከተደረደሩት ስፌቶች አንዱ እንኳ ንቅንቅ አላለም። የመጣ ሰው የለም። እኔም እጁ እያለ ስፈራው ከነበረው በላይ፣ አሁን ባዶውን ቦታ ማየት አቃተኝ።

ሻጩን አልወቅሰውም። ምንም ምልክት አይተውም ነበር ያለኝ... አልተወም።