ሥጋ የለበስኩበት ፎቶ

እናቴ ደሴ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ ፎቶዬን አሳድጋ ሰቅላ ነበር። ኒስፍ አልቀመር በሚባል የሳውዲ ባሕር ዳርቻ ባለቤቴ ያነሳኝ ነው። ጉንጬ ሞልቶ ዓይኔን ሊሸፍነው ምንም አልቀረውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ሳውዲ ልጄን ሥጋ አለበሰልኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች። ልጅ ሳለሁ ሰፈርተኛው "ሸንበቆ" እያለኝ ሲያበሽቃት ስለኖረ ውፍረቴን እንደ ዲግሪ ነበር የምታየው። እውነተኛው ዲግሪዬ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ፎቶው በተነሳ ቀን ራሴን እያመመኝ ነበር። ጠዋት አብሮኝ የሚነሳ፣ ሳጎነብስ የሚብስ ሕመም ነው። አል ኹበር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፤ እንዲህ የምትለኝ ሴት ብታጋጥመኝ "ዛሬውኑ ታዪ" ብዬ እቆጣት ነበር። ለራሴ ግን ኪኒን እየዋጥኩ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ለሕፃን መድኃኒት ስቀዳ የስሪንጁ መስመሮች ብዥ አሉብኝ። ያኔ ፈራሁ። ስሪንጁን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ወረድኩ።

ኤምአርአይ ማሽኑ ውስጥ ስገባ ትከሻዬ ግራና ቀኙን ነካ። ባለሙያው ክንዶቼን ደረቴ ላይ አጣጥፎ ገፋ አድርጎ አስገባኝ። እዚያ ውስጥ ተጋድሜ ስለ ጭንቅላቴ አልነበረም የማስበው፤ ስለ ወገቤ ነበር። ሰው እንዲህ ባለው ሰዓትም ያፍራል።

ሱዳናዊው ሐኪም ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የአንጎሌ ሽፋን ላይ፣ ወደ ዓይን በሚሄደው ነርቭ አጠገብ፣ ሽምብራ የምታህል እጢ ተለጥፋለች። እንዲህ ያለችው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር እንደማትሆን፣ የምታድገውም ቀስ ብላ እንደሆነ ነገረኝ። ራስ ምታቱንና ብዥታውን ያመጣው ምናልባት የደም ግፊቴ ነው፤ ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። እጢዋን ግን ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እናያለን አለ። ካደገች ጭንቅላቴ ይከፈታል፤ ዓይኔም ያሰጋል።

"ውፍረቴ ነው ያመጣት?" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ክብደታቸው ከመጠን ባለፈ ሰዎች፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ይህ ዓይነቱ እጢ በርከት ብሎ ይታያል። ግን አብዛኞቹ ወፍራሞች አይዛቸውም፣ ቀጭኖችንም ይይዛል። ያንቺን ውፍረትሽ አመጣው ብዬ መማል አልችልም። ብትቀንሺ ለግፊትሽ ጥሩ ነው፤ እጢዋ ትቀንሳለች ማለት ግን አይደለም።"

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የያዘው "ውፍረት" የሚለውን ብቻ ነው።

ባለቤቴን ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት። እናቴማ ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ከምግብ ጋር ተጣላሁ። እንጀራውን ተውኩ፣ ሩዙን ተውኩ፤ ጾም የማይመስል ቀን አልነበረኝም። ከሥራ ስወጣ ኮርኒሹ ላይ፣ ባሕሩን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ፣ በዚያ በሚያፍን እርጥበት ላቤ ጫማዬ ውስጥ እስኪገባ እራመዳለሁ። በሄድኩ ቁጥር እጢዋ እየሟሟች ይመስለኛል። ሐኪሙ እንዲህ እንዳላለ በደንብ አውቃለሁ። ግን ስድስት ወር ሙሉ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ማን ይችላል?

ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ሳወራ ስልኩን ፊቴ ላይ አስጠግቼ እይዘው ነበር። አንድ ቀን ሻርፔ ሸርተት አለና የአንገቴን አጥንት አየችው። በማግስቱ ለባለቤቴ ደወለች።

"ልጄን ምን አድርገሃት ነው? ትመታታለህ? ሌላ አገባህባት?"

እሱ ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ማሽን ሲጠግን ውሎ፣ እጁ ላይ ያለው ግራሶ እንኳ ገና አልለቀቀም። ላይናገር ምሎልኛል፤ ሌላ ምን ያድርግ? "ጥፋቱ የኔ ነው እማ፣ አስተካክላለሁ" አለና ስልኩን ዘጋ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰማሁ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ሁለተኛውን ኤምአርአይ ሐሙስ ቀን ተነሳሁ፤ ውጤቱ ለእሁድ ተባለ። አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እኛ በምንኖርበት በአል ኹበር አል-ጀኑቢያ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ የወሎ ሰው ሁሉ "ሐጂ" የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። እናቴ ቁጥራቸውን አፈላልጋ አግኝታ ኖሯል።

ተቀመጡና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። "እናትየው አደራ ብላኝ ነው። ይቺን የሰው ልጅ ምን ብታደርጋት ነው እንዲህ አጥንቷ የቀረው? ሙሽኪላ፣ ችግር ካለ እኛ ምን ልንሠራ ነው እዚህ ያለነው?"

"አጥፍቻለሁ ሐጂ፤ አውፍ በሉኝ።"

"ምኑን ነው ያጠፋኸው?"

ባለቤቴ ምንጣፉን አየ። ያላጠፋ ሰው ዝርዝር ከየት ያመጣል? ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየሁ። ሐጂም ዝምታውን ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጥረውት ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"ተዉት ሐጂ! ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ አለ። እሱ ምንም አላደረገኝም። እህሉን የተውኩት እኔ ነኝ። ማደግ አለማደጓን እሁድ ይነግሩኛል።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ ሐጂ። ከዚያ የባለቤቴን ጉልበት ያዙ። "ልጄ፣ አንተ አውፍ በለኝ።" ወደ እኔም ዞሩ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አሁኑኑ እናትሽ ጋ ደውዪ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።"

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ "መቼ ጀመረሽ?" ብቻ አለችኝ።

"ፎቶውን የተነሳሁ ቀንም ያመኝ ነበር እማ።"

"ያን እልል ያልኩበትን?" አለች። "ለሰፈሩ ሁሉ ስኮራበት አንቺ..." አልጨረሰችውም። ስልኩ ተዘጋ።

እሁድ ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

"አላደገችም።"

"አልቀነሰችም?"

"አልቀነሰችም።"

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ሥጋ ከላዬ ሳራግፍ እሷ ንቅንቅ አትልም? ሐኪሙ ሳቀ። "ያኔም ነግሬሽ ነበር። አለማደጓ ራሱ ትልቅ የምሥራች ነው። ግፊትሽም ወርዷል። ራስ ምታቱስ?"

መቼ እንደተወኝ ልብ አላልኩም ነበር።

"በየጊዜው እያየን እንከታተላታለን። አንቺም እንደ ሰው ብዪ" አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ። "አላደገችም" ስላት ከአርብ ጀምሮ የያዘችውን እንባ ሁሉ ለቀቀችው። አልቅሳ ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠረገች።

"ፎቶውን አወረድኩት" አለች። "እያመመሽ የሳቅሽበትን እንዴት ብዬ ልየው?"

"ግድግዳው ባዶ ቀረ በይኛ።"

"የአሁኑን ላኪልኝ። ከነአጥንትሽ። ባልሽም ከጎንሽ ይቁም፤ እንግዳ ሲመጣ ስለሱ የማወራው አለኝ።"