ኩላሊቴን ብዬ ወደ ባውሽሪዬ

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሐምራ

ከቤት የወጣሁት ኩላሊቴን ልታይ ነው ብዬ ነው። ውሸት ነው፤ ኩላሊቴ ምንም አልሆነም። የሚያሳክከኝ ብልቴ ነው። ይኸው አሁን ጻፍኩት፤ ያን ጠዋት ግን አፌን ቢፈለቅቁት አይወጣኝም ነበር።

ስድስት ወር ሆኖኛል። መጀመሪያ ማሳከክ ብቻ ነበር። ኋላ በአሠሪዬ፣ በማዳሜ፣ የእጅ መስታወት ሳየው ቆዳው ነጥቷል፣ ሳስቷል፣ እንደ ሲጋራ ወረቀት ተጨማዷል። ለምጽ ነው አልኩ። ቀጥሎ የባሰ አሰብኩ። ተላላፊ ከሆነ በሚቀጥለው አውሮፕላን ወደ አገሬ ይሸኙኛል፤ ልጄ ደግሞ ማትሪክ ሊፈተን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

ስለዚህ ለማዳሜ «ኩላሊቴን» አልኳት። እሷም ስድሳ ያለፋት ሴት ናት፤ ሁሌ ኩላሊቴ ትላለች፣ ፐርሰሜሎ አስፈልታ ውሃውን ትጠጣለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁለታችንም በአንድ ድስት አፈላ ጀመር። ሦስት ወር ሙሉ የሣር ውሃ ስጠጣ ከረምኩ፤ የእጄን አገኘሁ።

ሰርቪስ የሚሉትን የጋራ ታክሲ አስቆምኩ። «ዶራ» ስለው ሾፌሩ የሁለት ሰው ካልከፈልሽ አለ፣ ሁለት ሺህ ሊራ። አልተከራከርኩም። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር፤ ደክሞኛል። መሀል ከተማው ያለፈው የእርስ በርስ ጦርነት የበሳሳው ሕንፃ እና የሚያፈርሰው ክሬን ብቻ ነው፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። ባሕሩ በግራ በኩል ነበር። ሰው ባሕር ያያል፤ እኔ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ በየጉድጓዱ «እግዚኦ!» እላለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ዶራ

ገነት አደባባዩ ላይ ትኩስ መንኡሼ፣ ዘይትና ቅመም የተቀባ ቂጣ፣ በወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ። ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ባውሽሪዬ ከሦስት ያገር ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ዓረብኛውን እንደ ውሃ የጠጣች ልጅ ናት። የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ስለሆነ ልታስተረጉምልኝ ነው የመጣችው።

«እትዬ አስካለ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሙሽራ የምትራመጂው?»

«ኩላሊቴን ነው አልኩሽ እኮ!»

«ኩላሊት እንዲህ አያስረግጥም» አለችና መንኡሼውን ገምሳ ሰጠችኝ። ዘይቱ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሃያ ደቂቃ ያህል በእግራችን ሽቅብ ሄድን፤ እኔ ግን እንደ ሃያ ቀን ቆጠርኩት።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ባውሽሪዬ

ክሊኒኩ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሟ ሽበታም ሴት ናት። «ምንሽን ነው?» አለች። ገነት ኩላሊቷን ብላ ተረጎመች። ሐኪሟ ወገቤን መታ መታ አደረገች፣ የሽንት ምርመራ ጻፈች፣ አለቀ። ወጣን።

ደረጃው መሀል ላይ ቆምኩ። ይህን ወረቀት ይዤ ከተመለስኩ ሌላ ስድስት ወር ነው።

«ገነት» አልኩ፣ ግድግዳውን እያየሁ። «ኩላሊቴ አይደለም። ብልቴ ነው። ቆዳው ነጥቷል።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። «ውይ እትዬ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ያላ፣ ተመለሺ!» ብላ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

ሐኪሟ አልጋው ላይ አስተኝታ በደንብ አየችኝ። «በምን ትታጠቢያለሽ?» አለች።

«በረኪና» አልኩ። «አቅጥኜ ነው።» ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ሳጸዳ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሽንት ቤቱን ያጸዳ እኔንም ያጸዳኛል ብዬ ነው።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች፤ አልሳቀችም። «ስሚኝ ሀቢብቲ። ለምጽ አይደለም፣ ተላላፊም አይደለም። ከወንድም ከኃጢአትም አልመጣም። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሰውነትሽ የገዛ ቆዳሽን ጠላት አድርጎት ነው። ባንቺ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ይይዛል። በረኪናው ደግሞ ጨርሶ አቃጠለሽ።»

ከዛሬ ጀምሮ ንጹሕ ውሃ ብቻ አለች። የጥጥ ሙታንታ። ማታ ማታ ቅባት፣ ስስ አድርጎ። «ማሳከኩ ይተውሻል፤ ሕመሙ ግን አብሮሽ ስለሚኖር በየጊዜው እየመጣሽ ትታያለሽ። የማይድን ቁስል ወይም እብጠት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።»

አለቀስኩ። ከድካም ይሁን ከደስታ እንጃ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐምራ

ማዳሜ ወጥ ቤት ናት፤ እኔ ስለሌለሁ ፐርሰሜሎውን ራሷ ጥዳዋለች። «ኩላሊትሽስ?» አለችኝ።

መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልቆብኛል። «ኸላስ፣ በቃ ማዳሜ፣ ኩላሊቴ ደህና ነው» አልኩና በዚያችው በወጥ ቤት ዓረብኛዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፣ በረኪናውን ጭምር። ስኒዬን ትለይብኛለች፣ ሻንጣሽን ያዢ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

ጋዙን አጠፋች። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ እንደ ልማዷ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። በስድስት ዓመት ውስጥ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም፤ የጨዋ አቀማመጥ ይመስለኝ ነበር።

«ያቺ ሐኪም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የምታየው ቅዳሜ ብቻ ነው?»

የእሷ ምን እንደሆነ ሐኪሟ ትንገራት። እኔ ከዚህ መንገድ ያወቅኩት፣ ሁለት ሴቶች ባንድ ጣሪያ ስር ስድስት ዓመት ሲኖሩ አንዷም ሕመሟን በስሙ እንዳልጠራችው ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ሁለታችንም እንሄዳለን፤ ለሾፌሩም የሁለት ሰው እንከፍላለን።

ፐርሰሜሎውን እኔ ደፋሁት። ድስቱን እሷ አጠበች።