ቆርቆሮው ያሳጠረው እርምጃ

የብርጓል ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ቆማለች። የባሕር ዳር ባለ ወፍጮዎች የተበላ ዘንግ ይዘው ሲመጡ እሷን ነው የሚጠይቁት፤ እሷ የሠራችው ተመልሶ አይመጣማ። እንግዲህ ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ ልክሽን ስተሻል ብሎ ጥቁር ቀበቶ ሲከለክላት፣ ያንገበገባት ቀበቶው ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቴኳንዶ ፓተርን የሚሉት ተከታታይ እንቅስቃሴ አለ። ቡጢው፣ እርግጫው፣ መከላከሉ፣ ዙረቱ ሁሉ ከአንድ ነጥብ ይጀምርና እዚያው ነጥብ ላይ ማለቅ አለበት። በፈተናው ቀን የየብርጓል እርግጫም ትንፋሽም ያማረ ነበር። ስትጨርስ ግን ከመነሻዋ አንድ ሙሉ እርምጃ ወደ ግራ ቆማ ተገኘች። ፈታኙ ወለሉ ላይ የለጠፈውን ምልክት በእስክሪብቶው አሳያት፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሽ አላትና ቀጣዩን ስም ጠራ።

ስምንት ዓመት! በሳምንት ሦስት ቀን የእጇን የማሽን ግራሶ ታጥባ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው አዳራሽ የሮጠችበት ስምንት ዓመት።

ባንክ ቤት የምትሠራው የልምምድ ጓደኛዋ ሀኒ ልታስቃት ሞከረች። "ለብረቱ ሚሊሜትር ትቆጥሪያለሽ፣ ለእግርሽ ግን በግምት ነው አይደል?"

የብርጓል አልሳቀችም። ጣናው ዳር ካለው ሜዳ ሲደርሱ አንድ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ ከዚህ ተነሥተሽ ፓተርኑን ሥሪው አለቻት። ሀኒ እየተነጫነጨች ሠራችው። ስትጨርስ ከጫማው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቆማለች።

ቶርኖ ላይ ሁለት ዕቃ በእኩል ልክ ከተበላሸ፣ የሚመረመረው ዕቃው አይደለም፤ መለኪያው ነው። የብርጓል በማግስቱ ሜትር ይዛ አዳራሹ ገባች። በስተቀኝ ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ፣ እሷ ልምምድ ከመጀመሯ በፊት፣ የአዳራሹ ባለቤት ለሲሚንቶ መጋዘን ብሎ ያቆመው ነው። ወደዚያ የሚኬደው ሁለት እርምጃ ነው፤ ሁለቱም ሙሉ ከሆኑ እግር ከቆርቆሮው ይላተማል። አስተማሪያቸው ማስተር መልካሙ ሁለቱንም በግማሽ በግማሽ አሳጥረው ኖሯል የሚያስተምሩት። ሲመለሱ ግን እርምጃው ሙሉ ነው። የጎደለው አንድ እርምጃ ይኸው ተገኘ።

ማስተር መልካሙ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲገቡ ሜትሩ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኙት። አልካዱም። ለጊዜው ብለው እንደጀመሩት፣ ኋላም ነገሩን ማንሣቱ እንዳሳፈራቸው ነገሯት። ፈታኙን ስለሚያውቁት ቢደውሉለት የእሷ ጉዳይ በጸጥታ እንደሚያልቅም ጨመሩበት።

ይኼኔ ደሟ ፈላ። "የኔ ብቻ? ማስተር፣ እኔ የሰው ዕቃ ሳበላሽ ባለቤቱን ጠርቼ አበላሸሁት እላለሁ። እርስዎ ስምንት ዓመት አጣመው አስተምረውኝ በስልክ ሊሸፍኑት ነው? ከኋላዬ የተሰለፉት ሕፃናትስ? ነገ እነሱም ከዚያ ምልክት ርቀው ቆመው ይፈሩ?"

"ተማሪ ፊት ተሳሳትሁ ካልሁ ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኔ። ቅዳሜ ሜዳው ላይ እጠብቅዎታለሁ።"

ለተማሪው ሁሉ ልምምዱ ውጭ ነው ብላ አስነገረች። ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳው ተማሪ ተሰልፎ፣ እሷ ሣሩ ላይ በኖራ ክብ ሠርታ ስትጠብቅ፣ ማስተር መልካሙ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የነተበ ጥቁር ቀበቷቸውን ታጥቀው ዘግይተው መጡ። ክቡ ውስጥ ቆሙና ፓተርኑን ጀመሩ። እንዴት ያምርባቸዋል! በስተቀኛቸው እስከ ውኃው ድረስ ባዶ ሜዳ ነው፤ የሚከለክላቸው የለም። እግራቸው ግን እዚያች ቦታ ሲደርስ በራሱ አጠረ። አንዴ፣ ደግሞ ሁለተኛ።

"ማስተር ከክቡ ወጡ" አለች ከፊት መስመር ኪዲ የምትባል ትንሽ ተማሪ፤ ሰልፉ በሳቅ ተናጋ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው እግራቸውንና የኖራውን ክብ አዩ። "የሌለ ቆርቆሮ ፈርቼ ነው" አሉ። "እኔ ነኝ ያሳጠርሁት፣ እናንተ አይደላችሁም። አውቄ ዝም አልሁ። የብርጓል፣ እስቲ ሜትርሽን አምጪው።"

የብርጓል ተንበርክካ ሁለቱን ሙሉ እርምጃዎች ለክታ በኖራ ምልክት አደረገችባቸው። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ስምንት ዓመት በአንድ ጠዋት አይበርድም። ተነሥታ የእጇን ኖራ አራገፈችና ከክቡ ጎን ቆመች።

"ከመጀመሪያው ይሥሩት፣ ማስተር።"

ማስተር መልካሙ ወደ ክቡ ተመለሱ።